አንቲባዮቲክን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች፦ የኮምፒውተሩ ምርምር የት ደረሰ? ለታማሚውስ ምን ይጠቅማል?

ደምበጫ የሚኖሩ አንዲት እናት ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸው ጀመር እንበል። ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ማታ ማታ ያተኩሳቸዋል። ከልጃቸው የተረፈች አሞክሳሲሊን ቤት ውስጥ ነበረችና ሁለት ቀን ወሰዱ። ቀለል ሲላቸው ተዉት። ከሳምንት በኋላ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ሄደው ሌላ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ እሱም አላሻላቸውም። በመጨረሻ ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር ተባሉ። በመንገድ ላይ ቤተሰቡ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «መድኃኒቱ ምነው እምቢ አለ? የተበላሸ ሰጥተውን ይሆን?»

ታሪኩ ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ ጥያቄው ግን በየቤቱ ይነሳል። መልሱ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ መበላሸት አይደለም። መድኃኒቱ ደኅና ሆኖ ሳለ በሰውነት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቆርጦ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ባክቴሪያው ለዚህ የሚጠቀምበት ነገር ኢንዛይም ይባላል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ኮምፒውተር አዲስ አንቲባዮቲክ አገኘ»፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጀርሞችን ምስጢር ፈታ» የሚሉ ዜናዎች በሬዲዮና በስልክ ይደርስዎት ይሆናል። ዜናው መሠረት አለው። ሆኖም ይህ ምርምር ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይችልና ለእርስዎ ቤት ምን እንደሚጠቅም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል? ኢንዛይሙስ እንዴት ያከሽፈዋል?

አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶን እና ሜሮፔነም ስማቸው ቢለያይም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁሉም በመካከላቸው ከአራት አቶሞች የተሠራች ትንሽ ቀለበት አለቻቸው። ይህች ቀለበት ቤታ ላክታም ትባላለች። የመድኃኒቱ ኃይል ያለው በእሷ ላይ ነው።

ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ አለው። ሲያድግና ሲከፈል ግድግዳውን ያለማቋረጥ ይገነባል። ግንባታውን የሚያከናውኑ ሠራተኞች አሉት፤ እነሱም ራሳቸው ኢንዛይሞች ናቸው። መድኃኒቱ ወደ ሠራተኛው እጅ ይገባል፣ ቀለበቷ ትከፈታለች፣ እጁ ላይም ተጣብቃ ትቀራለች። ሠራተኛው ሥራውን ያቆማል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ይህ ጥቃት አይነካውም።

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ያመርታሉ። እንደ መቀስ ሊያስቡት ይችላሉ። ይህ መቀስ መድኃኒቱን ይይዝና ያችኑ ቀለበት ይከፍታል፤ ነገር ግን እጁ ላይ ተጣብቃ እንድትቀር አይፈቅድም። በአካባቢው ያለችን አንዲት የውኃ ሞለኪውል ተጠቅሞ የተቆረጠውን መድኃኒት ይጥልና ወዲያው ሌላውን ይይዛል። ፈጣን ከሆኑት መካከል አንዱ ኢንዛይም በአንድ ሴኮንድ ከአንድ ሺህ በላይ የፔኒሲሊን ሞለኪውሎችን ይቆርጣል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ አብርሃም እና ኧርንስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም የገለጹት በ1940 ነው። ያኔ ፔኒሲሊን ገና በስፋት ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። መቀሱ ከእኛ መድኃኒት አጠቃቀም በፊትም ነበረ ማለት ነው። እኛ ያደረግነው መቀስ የሌላቸውን ባክቴሪያዎች በብዛት እየገደልን መቀስ ላላቸው ቦታ መልቀቅ ነው።

መቀሶቹ በዓይነት ይለያያሉ። አንዳንዱ ፔኒሲሊንንና አሞክሳሲሊንን ብቻ ይቆርጣል። ሰፋ ያለ አቅም ያለው ደግሞ ሴፍትሪያክሶንንም ይጨምራል። ከሁሉም የሚያሰጋው ካርባፔኒሜዝ የሚባለው ሲሆን በሆስፒታል ለከባድ ሕመም የሚሰጠውን ሜሮፔነምን ሳይቀር ይቆርጣል። ይህን አቅም የሚያስገኘውን ዘር አንዱ ባክቴሪያ ለጎረቤቱ ሊያቀብለው ይችላል፤ ጎረቤቱ የሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ቢሆንም እንኳ።

በአገራችን ምን ታይቷል?

በአማራ ክልል በሦስት ሪፈራል ሆስፒታሎች ከታማሚዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2021 ታትሟል። ሴፍትሪያክሶንን ጭምር የሚቆርጠውን ሰፊ ኢንዛይም የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች በክልሉ መኖራቸውን አረጋግጧል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ካርባፔኒሜዝ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎችን አግኝቷል። በ2017 ደግሞ ከጅማ በሦስት ናሙናዎች ኤንዲኤም-1 የተባለው ኢንዛይም መገኘቱ ተዘግቧል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በሰባት አገሮች በተካሄደ የጨቅላ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን ጥናት ተሳትፏል። በዚያ ጥናት በብዛት ከተገኙት ባክቴሪያዎች ዋነኛው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ነበር፤ ይህ ባክቴሪያ እነዚህን መቀሶች በመሰብሰብ የታወቀ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2025 ባወጣው ሪፖርት በ2023 በላብራቶሪ ከተረጋገጡ ስድስት የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች አንዱ መድኃኒት የተላመደ ነበር። በድርጅቱ የአፍሪካ ክልል ደግሞ ከአምስት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። እነዚህ ናሙናዎች በአብዛኛው የመጡት ሆስፒታል ከተኙ ወይም ቀደም ሲል ታክመው ካልተሻላቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ «ደምበጫ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መድኃኒት አይሠራለትም» ማለት አይደለም። ብዙ ኢንፌክሽኖች ዛሬም በተለመዱት መድኃኒቶች ይድናሉ። ችግሩ የእርስዎ ሕመም ከየትኛው ወገን እንደሆነ በዓይን ማወቅ አለመቻሉ ነው።

ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?

መቀሱን ለማክሸፍ መጀመሪያ ቅርጹን ማወቅ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን አጥርተው እንደ ጨው ክሪስታል እንዲሆን ካደረጉ በኋላ በኤክስሬይ ጨረር የእያንዳንዱን አቶም ቦታ ያነባሉ። ይህ ወራት ሊፈጅ የሚችል ሥራ ነው። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የፕሮቲኖችን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቻቸው ቅደም ተከተል በመነሳት በመተንበይ ሥራውን በእጅጉ አፍጥኖታል። ዴሚስ ሃሳቢስ እና ጆን ጃምፐር በዚሁ ሥራቸው በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች መካከል ናቸው።

ቅርጹ ከታወቀ በኋላ ኮምፒውተሩ የመድኃኒቱን ሞለኪውል በኢንዛይሙ ጉድጓድ ውስጥ በተለያየ አቀማመጥ እያስገባ ይሞክራል። ቁልፍን በብዙ በሮች ላይ እንደመሞከር ያለ ሥራ ነው። ሺህ ሞለኪውሎችን በእጅ መፈተን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ኮምፒውተር ግን ተስፋ ያላቸውን በአጭር ጊዜ ለይቶ ያወጣል።

ሆኖም መግባት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። መድኃኒቱ በሠራተኛው እጅም በመቀሱ እጅም ይገባል። ልዩነቱ ከገባ በኋላ ተጣብቆ መቅረቱ ወይም ተቆርጦ መውደቁ ነው። ይህን ለማየት የአቶሞቹን እንቅስቃሴና የኬሚካል ትስስራቸው ሲበጠስ የሚሆነውን ማስላት ያስፈልጋል። ስሌቱ ከባድ ስለሆነ ቁርጡ የሚፈጸምበት ትንሽ ቦታ ብቻ በጣም በተራቀቀው ዘዴ ይሰላል፤ የቀረው የኢንዛይሙ አካልና ዙሪያው ያለው ውኃ በቀላሉ ዘዴ ይሰላል። የዚህን ድርብ ዘዴ መሠረት የጣሉት ማርቲን ካርፕለስ፣ ማይክል ሌቪት እና አሪዬ ዋርሼል በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ኤድሪያን ሞልሆላንድ ቡድን ይህን ዘዴ በቤታ ላክታሜዞች ላይ ሠርቶበታል። በ2014 ባሳተሙት ሥራ ሜሮፔነምን መቁረጥ የሚችሉትን ኢንዛይሞች ከማይችሉት በኮምፒውተር ስሌት መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ኢንዛይሞቹ በቅርጽ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ቁርጡ ሲፈጸም ነው።

እስካሁን ምን ጥቅም ተገኘ?

በብዙዎች ዘንድ የታወቀው ኦግመንቲን ሁለት ነገሮች የተቀላቀሉበት መድኃኒት ነው። አንዱ አሞክሳሲሊን ነው። ሁለተኛው ክላቩላኒክ አሲድ ይባላል፤ የእሱ ሥራ በመቀሱ አፍ ገብቶ እንዳይዘጋ መሰንቀር ነው። መቀሱ ሲሰነቀር አሞክሳሲሊኑ ሳይቆረጥ ሥራውን ይሠራል። ክላቩላኒክ አሲድ የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ሲሆን ኦግመንቲን ለገበያ የቀረበው በ1981 ነው። ነገር ግን ክላቩላኒክ አሲድ ሁሉንም መቀስ አይሰነቅርም። «ኦግመንቲን ስለሚበረታ እሱን ልግዛ» የሚለው አስተሳሰብ ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አቪባክታም የተባለው አዲስ መሰንቀሪያ ሴፍታዚዲም ከተባለ አንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኬፒሲ የተባለውን አስቸጋሪ ኢንዛይም ማክሸፍ ይችል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ባክቴሪያው መውጫ አገኘ። ኬፒሲ ወደ 290 ከሚጠጉ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻ፣ በ179ኛው ቦታ ያለው፣ ሲለወጥ አዲሱን መድኃኒት መቋቋም ቻለ። የአንዲት ለውጥ ውጤት እንዲህ ሊሰፋ የቻለው ለምን እንደሆነ ለመረዳት የኮምፒውተር ስሌቶች ረድተዋል፤ በኢንዛይሙ ጉድጓድ አፍ ያለው ክፍል ላልቶ መንቀሳቀስ መጀመሩን አሳይተዋል።

ኤንዲኤም-1 ደግሞ የሚቆርጠው በዚንክ እየታገዘ ስለሆነ አቪባክታም አይነካውም። በእሱ ላይ ሌላ ስልት ተቀየሰ። አዝትሬዮናም የተባለው አንቲባዮቲክ በዚንክ ከሚሠሩት መቀሶች ያመልጣል፤ በሌሎቹ ግን ይቆረጣል። ስለዚህ ከሌሎቹ እንዲጠብቀው አቪባክታም ተጨመረበት። ቅልቅሉ በአውሮፓ በ2024፣ በአሜሪካ በ2025 ተፈቅዷል።

በሌላ በኩል በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2020 ኮምፒውተርን በማሠልጠን ሃሊሲን የተባለ ሞለኪውል አንቲባዮቲክ የመሆን አቅም እንዳለው አሳይተዋል። ሞለኪውሉ ቀደም ሲል ለስኳር ሕመም ሲጠና የነበረ ነው። ዜናው ዓለምን ቢያዳርስም ሃሊሲን ዛሬ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አይደለም። ከኮምፒውተር እስከ ታማሚው አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ኮምፒውተሩ የማይችለው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ሞለኪውሉ መቀሱን ቢያሸንፍም ወደ ባክቴሪያው ውስጥ መግባቱን ስሌቱ ብቻውን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ ኩላሊትንና ጉበትን እንደማይጎዳ የሚታወቀው በሰው ላይ ተሞክሮ ነው። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ተሠርቶ ቢወጣ እንኳ ዋጋውና አቅርቦቱ ከስሌቱ ውጭ ነው።

አራተኛውና ለእርስዎ የቀረበው ነገር ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ በእርስዎ ሰውነት ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ናሙና ብቻ ነው።

ኤንዲኤም-1 እንዴት እንደታወቀ ይመልከቱ። በ2008 ስዊድን ውስጥ የታከመ አንድ ታማሚ ቀደም ሲል በህንድ ኒው ዴልሂ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከሽንቱ የተወሰደው ናሙና ካልቸር ተደረገ፣ ባክቴሪያው ብዙ መድኃኒቶችን መቋቋሙ ታየ፣ በ2009ም ኢንዛይሙ ስም ወጣለት። ዛሬ ስለዚህ ኢንዛይም የሚሠሩት የኮምፒውተር ስሌቶች በሙሉ መነሻቸው ያች አንዲት የሽንት ናሙና ናት። ናሙናው ባይወሰድ ኖሮ ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ነገር ባልኖረ ነበር።

የእኛ አህጉር ድክመት ያለው እዚህ ላይ ነው። በ14 የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ግምገማ በ2022 ይፋ ሲሆን ከ50,000 ገደማ የሕክምና ላብራቶሪዎች የባክቴሪያ ምርመራ የሚሠሩት 1.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ኢትዮጵያ ከአሥራ አራቱ አንዷ አልነበረችም፤ ችግሩ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በገጠር ጤና ጣቢያ ባክቴሪያን አሳድጎ የመመርመር አቅም በአብዛኛው የለም። ካልቸር የሚሠራው በትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በክልል ደረጃም በባሕር ዳር ባለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመሰሉ ተቋማት ነው። ስለዚህ የደምበጫዋ እናት ሦስተኛ መድኃኒት ከመሞከራቸው በፊት የሚያስፈልጋቸው ከሩቅ አገር የሚመጣ አዲስ ግኝት ሳይሆን በጊዜ የተወሰደች የሽንት ናሙና ናት።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የመጀመሪያው መድኃኒት ካልሠራ፣ ወይም በተደጋጋሚ ከታመሙ፣ «ካልቸር ያስፈልገኛል ወይ? የትስ ይሠራል?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

• ናሙና የሚሰጡ ከሆነ በተቻለ መጠን አዲሱን አንቲባዮቲክ ከመጀመርዎ በፊት ይስጡ። አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ ላያድግ ይችላል።

• ሕመሙ ከባድ ከሆነ ግን ውጤት ሲጠብቁ ሕክምና አይዘገይም። ሐኪሙ ናሙናውን ወስዶ ወዲያው መድኃኒት ይጀምራል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን፣ ለደም ደግሞ ከዚያ በላይ ቆይቶ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱን ሊቀይረው ወይም ሊያቀልለው ይችላል። መድኃኒት ቢቀየር የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቷል ማለት አይደለም።

• የካልቸር ውጤት ለእያንዳንዱ መድኃኒት «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብሎ ይዘረዝራል። ወረቀቱን ይያዙት፤ ሌላ ጊዜ ሲታመሙም ይጠቅማል።

• ሪፈር ሲባሉ እስካሁን የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ስም፣ መጠንና የቀን ብዛት አጽፈው ይሂዱ። ማሸጊያውን አይጣሉ። ከቤት የወሰዱትንም አይደብቁ፤ ሐኪሙ ሊቆጣዎት ሳይሆን ሊያክምዎት ነው የሚጠይቀው።

• የተረፈ መድኃኒት ለሌላ ሰው አይስጡ፣ ለራስዎም አያስቀምጡ። በታዘዘልዎ መጠንና ለታዘዘልዎ ቀን ይውሰዱ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይግዙ።

• «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» አይበሉ። ሴፍትሪያክሶንን የዓለም ጤና ድርጅት ጥንቃቄ ከሚሹት ምድብ አስቀምጦታል። ያለ ምክንያት በተወጋ ቁጥር እሱን የሚቆርጡት መቀሶች ይበዛሉ። ጉንፋንና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ምንም አይጠቅመውም።

• ታማሚ ሲጠይቁና ሲያስታምሙ ከመንካትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄዱት በአብዛኛው በእጅ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት መቼ ነው?

ጨቅላ ሕፃን መጥባት እምቢ ካለ፣ ከወትሮው በላይ ከፈዘዘ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ በፍጥነት ከተነፈሰ፤ አዋቂ ሰው ከትኩሳት ጋር ካንቀጠቀጠው፣ ግራ ከተጋባ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም መተንፈስ ከከበደው፤ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ሴት ካተኮሳት በዚያው ሰዓት ይሂዱ። ቤት ያለ መድኃኒት አይሞክሩ።

በመጨረሻ

በመስከረም 2024 የዓለም መሪዎች በተባበሩት መንግሥታት ተሰብስበው መድኃኒት ከተላመዱ ባክቴሪያዎች ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተዋል። መነሻ ያደረጉት በ2019 የተገመተውን 4.95 ሚሊዮን ሞት ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። መሰንቀሪያዎች እንዲሻሻሉ ይረዳል፣ ባክቴሪያው ነገ የት ሊዞር እንደሚችል ቀድሞ ያመለክታል። ሥራውም ይቀጥላል፤ መቀሱ በተለወጠ ቁጥር ስሌቱ እንደገና ይጀመራልና።

ይሁን እንጂ ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው መኪና ውስጥ ላለው ቤተሰብ ዛሬ የሚጠቅመው በእጁ ያለው ነው፤ የወሰዱትን መድኃኒት የሚዘረዝር ወረቀት፣ በጊዜ የተሰጠ ናሙና፣ ሳያፍሩ የሚጠየቅ ጥያቄ። እኚያ እናት የቤቱን አሞክሳሲሊን ትተው በመጀመሪያው ቀን ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ኖሮ ምናልባት ሪፈሩ ባላስፈለገ ነበር። አሁንም አልዘገየም፤ ናሙናቸው ከተመረመረ የሚሠራላቸው መድኃኒት ሊታወቅ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪምን ምርመራና ምክር የሚተካ አይደለም። የጀመሩትን መድኃኒት ከማቆምዎ ወይም ከመቀየርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።